ፈንጂው ተሳፋሪ አይለይም

ዕድሜዬን የጨረስኩት በአገር አቋራጭ አውቶቡስ መሪ ላይ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ስለሚቀበር ፈንጂ ስሰማ ቀድሞ የሚታየኝ ተሳፋሪው ነው፤ ልጇን ያቀፈች እናት፣ ለሕክምና ከተማ የሚወርድ በሽተኛ፣ ጆንያውን ጣሪያ ላይ ያስጫነ ገበሬ።

በአፍጋኒስታን፣ በተለይ በሄልማንድና በካንዳሃር፣ ታሊባኖች ፈንጂውን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት እኛ ውኃ በምንቀዳበት ዓይነት ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነበር። ከማዳበሪያ የተሠራ ባሩድ ይሞላበታል፣ ባትሪ ይገጠምለታል፣ መርገጫው ላይ አፈር ይበተንበታል። ክብደት ሲያርፍበት ሁለት ብረቶች ይነካካሉ፤ በቃ። የረገጠው የወታደር መኪና ይሁን የሠርገኛ ሚኒባስ አይጠይቅም። የተባበሩት መንግሥታት እንደመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በመላው አፍጋኒስታን ከተገደሉት 3,021 ሲቪሎች 967ቱን የጨረሱት በእጅ የተሠሩ ፈንጂዎች ናቸው።

«ዒላማችን ጠላት ነው» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። ማን እንደሚረግጠው ሳያውቅ የሚቀብር ሰው መንገደኛውን ለመግደል ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈረመው የኦታዋ ስምምነት ሰው ሲረግጠው የሚፈነዳን ፈንጂ ይከለክላል፤ አገራችንም አባል ናት። መንግሥትም ሁኑ ታጣቂ፣ የምትዋጉ ሁሉ፣ እባካችሁ መንገዱን ለሕዝብ ተዉለት።