የኮንጎ መዳብ ለምን በጀልባ አይወጣም?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ባለፈው ሳምንት በማስተማር ልምምድ ላይ የደረሰብኝ ኃፍረት ነው። ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ስለ አፍሪካ የተፈጥሮ ሀብት አስተምር ነበር። ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል አገር፣ በሌላው ማዕድን ጻፍኩ። ዛምቢያ፦ መዳብ። ቦትስዋና፦ አልማዝ። ጊኒ፦ ቦክሳይት። ዲሞክራቲክ ኮንጎ፦ መዳብ፣ ኮባልት፣ አልማዝ። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ይደግማሉ፤ ግቢው ይናወጣል፤ እኔም ደረቴ ተነፍቷል። በዚህ መሐል ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የኮንጎ ወንዝ በውሃ ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ነው ብለውን ነበር። ታዲያ መዳቡን ለምን በጀልባ ጭነው ወደ ባሕር አያወጡትም?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ቀጥዬም «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጥ» አልኩት። ልጁም ተቀመጠ።

የዚያን ዕለት ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ እስኪዘጋ ድረስ አትላስ ሳገላብጥ አመሸሁ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኮንጎ ወንዝ በውሃ ብዛት ከዓለምም ከአማዞን ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ከኪሳንጋኒ እስከ ኪንሻሳ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ጀልባ ያለ ችግር ይሄድበታል። እስከዚህ ድረስ ልጁ ልክ ነው። ችግሩ ከኪንሻሳ በታች ነው። አፍሪካ በአብዛኛው አምባ ናት። አምባ ምን እንደሆነ ለወሎና ለጎንደር ልጆች አልነግርም፤ የግሸንን ያህል ገደል አይሁን እንጂ አህጉሪቱም ወደ ባሕሩ ስትቀርብ በብዙ ቦታ እንዲሁ ትሰበራለች። ኮንጎም ከኪንሻሳ እስከ ማታዲ ባለው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ 270 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። መንገዱ ፏፏቴና ድንጋይ ብቻ ነው፤ መርከብ አያልፍም። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንፋሎት ጀልባ ወደ ላይኛው ወንዝ ለማድረስ ተፈታትቶ በሰው ራስና ትከሻ ይጓጓዝ ነበር። በ1890 ተጀምሮ በ1898 ያለቀው የማታዲ ባቡር የተሠራው ይህን ገደል ለመዝለል ነው። ስንት ሠራተኛ እንደረገፈበት ባሰብኩ ቁጥር፣ ያን የመሰለ ታሪክ በሰሌዳዬ ላይ «መዳብ» በሚል አንድ ቃል መቋጨቴ ያሳፍረኛል።

እንዲያውም የልጁን ሐሳብ ሰዎች ሞክረውታል። መዳቡ የሚወጣው በደቡብ በካታንጋ ነው። ከ1928 ጀምሮ ከዚያ በባቡር እስከ ኢሌቦ ይመጣል፣ በካሳይና በኮንጎ ወንዝ በጀልባ ኪንሻሳ ይደርሳል፣ እንደገና ባቡር ላይ ይጫናል፣ ማታዲ ላይ ወደ መርከብ ይገለበጣል። አንድን ጭነት ስንት ጊዜ ማውረድና መጫን ነው? ለዚህም ነው በአንጎላ በኩል ወደ ሎቢቶ የሚወስደው ሐዲድ የተወደደው። እሱም ቢሆን ከ1975 ጀምሮ በአንጎላ ጦርነት ምክንያት ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ጭነት ድንበር እየተሻገረ በከባድ መኪና ወደ ሩቅ ወደቦች ይጓዛል።

ከጎኗ ያለችውን ዛምቢያን ተመልከቱ። ስምንት ጎረቤት አላት፣ ባሕር ግን የላትም። መዳቧ በደቡብ ሮዴዥያ በኩል ይወጣ ነበርና የነጮቹ አገዛዝ በ1965 በራሱ ነጻነቴን አውጃለሁ ባለ ጊዜ ተጨነቀች፤ በ1973 ድንበሩ ተዘጋ። ከ1970 እስከ 1975 በቻይና እርዳታ እስከ ዳሬሰላም የተዘረጋው 1,860 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ትርጉሙ የሚገባው ይህ ሲታወቅ ነው። አፍሪካ ውስጥ ባሕር የሌላቸው አገሮች 16 ናቸው፤ እኛም ከ1993 ወዲህ ከእነርሱ መሐል ነን። ይህን ጉዳይ ለኢትዮጵያ ልጅ ለማስረዳት የሚቸገር መምህር ካለ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳት። ሁሉንም በገደሉ ማላከክ አይገባም። ገደሉ ተፈጥሮ ነው፤ ሐዲዱን ከማዕድን ጉድጓድ ወደ ወደብ ብቻ የዘረጋው ግን ሰው ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠሩትን የባቡር መስመሮች በካርታ ላይ በጣታችሁ ተከተሏቸው። ብዙዎቹ ወደ ባሕር ይሮጣሉ እንጂ ጎረቤትን ከጎረቤት አያገናኙም። ተማሪው ሁለቱን ለይቶ ማየት አለበት ባይ ነኝ።

ይህን ሐሳቤን መኝታ ክፍል ውስጥ ስናገር አንድ ጓደኛዬ «ቅድሚያ ስሙን ካልሸመደደ ምክንያቱን በምን ላይ ይሰቅለዋል?» ብሎ ተከራከረኝ። ነገሩ እውነት አለው። የ54 አገሮች ስም በዜማም ይሁን በግጥም መጠናት አለበት፤ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በሽምደዳ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን መስቀያውን ሠርተን ልብሱን ሳንሰቅል ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ደግሞም እኛ ራሳችን እዚህ የምንፈተነው «ዋና ከተማውን ጻፍ፣ ማዕድኑን አዛምድ» እየተባልን ነው። መምህሮቻችን ይቅር ይበሉኝና፣ በሚቀጥለው ፈተና «ለምን» የሚል አንድ ጥያቄ እንኳ ቢጨመር እኛም ክፍል ስንገባ «ለምን» ማለት እንለምዳለን። ዛሬ እንደተፈተንን ነው ነገ የምንፈትነው።

የመርጃ መሣሪያ የለም የሚለውም ሰበብ ብዙ አያስኬድም። እርግጥ ያስተማርኩበት ክፍል ያለው ካርታ ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ መውጣቷን ገና አልሰማም። ቢሆንም አምባን ለማሳየት ካርታ አያስፈልግም። በካርቶን ላይ ጭቃ ከምሮ፣ ጠርዙን ቆርጦ፣ ከላይ በጣሳ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ውሃው መሐሉ ላይ ቀስ ይላል፣ ጠርዙ ላይ ይወረወራል። ትናንት ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ጀርባ ሞክሬዋለሁ፤ ሱሪዬ ተበላሽቷል፣ ኮንጎ ግን ሠርቷል።

ጭቃው ላይ ሌላም ነገር ታየኝ። መርከብን የሚከለክለው ያው ገደል ኤሌክትሪክን ይሰጣል። ኮንጎ ላይ የኢንጋ ግድቦች በ1972 እና በ1982 ሥራ የጀመሩት እዚያው መርከብ ያቃተው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከወንዙ ጉልበት የያዙት ግን ጥቂቱን ነው። የእኛም ዓባይ እንዲሁ ነው። ከአገራችን ወንዞች መርከብ ሲመላለስበት የኖረው ወደ ሜዳው ጋምቤላ የወረደው ባሮ ነው፤ ዓባይ ግን ገደል ለገደል ስለሚሄድ ጀልባን ሲያባርር ኖሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን ግድብ ተሸከመ። አትላሱ ዓባይን በቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ቁልቁለቱን ልጆቹ ከጭቃው ላይ ይዩት።

ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ወደዚያው ክፍል እመለሳለሁ። ካርቶኑን ለመሸከም የሚያግዘኝ ሰልጣኝ ከተገኘ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ እንገናኝ። ጥያቄውን የጠየቀኝን ልጅ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም ነበር። ውሃውን የሚያፈሰው እሱ ነው።