ትኬቱን ማን ይቁረጥ?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ግጥም ሳይሆን ስለ አውሮፕላን ትኬት ነው። ስለ ናፍቆት ስንኝ መቋጠር የማይሰለቸን ሰዎች፣ ናፋቂና ተናፋቂን ስለሚያገናኘው ወረቀት አንድ ቀን ብንነጋገር ነውር አይመስለኝም።

እዚህ አቃቂ በሰቃ፣ በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ከምሰማቸው ወሬዎች አንዱ የመርከብ ግብዣ ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች እናት አባታቸውን «አንድ ሳምንት በመዝናኛ መርከብ አብረን እንሁን» ብለው ይጠራሉ። ልጆቹ ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን፣ ወላጆች ደግሞ ከአቃቂ ተነሥተው ጣሊያን ወደብ ላይ ይገናኛሉ። የመርከቡን ሒሳብ ልጆቹ ይከፍላሉ። ክርክሩ የሚነሣው በአውሮፕላኑ ትኬት ላይ ነው። ልጆቹ ራሳቸው በኢንተርኔት ይቁረጡት? ወይስ እዚህ በጉዞ ወኪል በኩል ይቆረጥ?

ራሳችን እንቁረጥ የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ዋጋውን በዓይናቸው ያያሉ፤ ቀኑን አማርጠው፣ መቀመጫውንም መርጠው ይገዛሉ። የሚለወጥ ነገር ቢኖር በቀጥታ ከአየር መንገዱ ጋር ይነጋገራሉ። ቀድሞ እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረንም። ትኬት ማለት በካርቦን የታተመ ወረቀት በነበረበት ዘመን የወኪሉ ቢሮ የማይታለፍ በር ነበር። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ከግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ የወረቀት ትኬትን አስቀረ። እኛ ዘንድ ደግሞ የመክፈያ ካርድ አለመኖሩ በሩን ለተጨማሪ ዓመታት ዘግቶት ቆየ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ፣ የባንኮችም የሞባይል አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ትኬት ከቤት ሳይወጡ በብር መግዛት ተችሏል።

የወኪሉም ኑሮ ተለውጧል። ዱሮ ከአየር መንገዱ በሚከፈለው ኮሚሽን ይተዳደር ነበር። ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በ1994 ዓ.ም. መደበኛውን ኮሚሽን አቆሙ፤ ሌሎችም በየጊዜው ቀነሱ። ስለዚህ የዛሬ ወኪል ከደንበኛው የአገልግሎት ዋጋ መጠየቁ አይቀርም። እንግዲህ ጥያቄው መጠየቅ ያለበት በዚህ መልክ ነው፦ እኛ ራሳችን ልንጫነው የምንችለውን ቁልፍ ለሚጫንልን ሰው የምንከፍለው ስለ ምንድን ነው?

እኔ የምከፍለው ስለ ኃላፊነት ነው እላለሁ። ወኪሉ ኃላፊነት ካልወሰደ ግን ሳንቲም አይገባውም።

በፋብሪካ ሠፈር ያደገ ሰው ማሽን ከየት እንደሚላላ ያውቃል፤ ከመገጣጠሚያው ነው። ጉዞም እንደዚሁ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፣ በዚሁ በአቃቂ በሚያልፈው ሐዲድ እስከ ጅቡቲ ወርደው ከዚያ በመርከብ ነው የተሻገሩት። የመንግሥት እንግዳን የሚጠብቅ ብዙ ሰው ነበር፤ ባቡሩ ቢዘገይ መላ የሚፈልግ አይጠፋም። የእኛ እናት ግን አንድ ሻንጣና አንድ ነጠላ ይዛ ነው የምትሄደው። የመዝናኛ መርከብ ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል፤ መሳፈሪያው የሚዘጋው ከመነሻው ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ሺህ ሰው አሳፍሮ አንዲት እናትን አይጠብቅም።

አንዲት ጎረቤቴ የደረሰባቸውን ላውጋችሁ። ልጃቸው ዋጋ ሲያወዳድር አንዱን በረራ ከአንድ አየር መንገድ፣ ቀጣዩን ከሌላ፣ በሁለት የተለያዩ ትኬቶች ገዛላቸው። ተደምሮ ሲታይ በርካሽ አግኝቷል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘገየ። ሁለተኛው አየር መንገድ ትኬቱ የተለየ ስለሆነ «በሰዓቱ አልቀረቡም» ብሎ መዘገበ። ሻንጣውን ተቀብሎ እንደገና ለማስመዝገብ ደግሞ ወደ አገሩ መግባት ያስፈልግ ነበር፤ ቪዛ የለም። እማማ በማያውቁት ከተማ፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ወንበር ላይ አደሩ። ሁለቱም አየር መንገዶች በደንባቸው መሠረት ትክክል ነበሩ። በእናቲቱና በደንቡ መካከል የቆመ ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም በረራ በአንድ ትኬት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው ቢዘገይ በሌላ በረራ የማድረሱ ግዴታ የአየር መንገዱ ይሆን ነበር።

የቪዛው ነገር ከዚህ ይብሳል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ የሸንገን ቪዛ አሰጣጡን አጥብቆ ነበር፤ የማመልከቻው መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠቱም እንዲቆም ተወሰነ። መርከቡ ከጣሊያን ተነሥቶ ቱርክን ጎብኝቶ ጣሊያን የሚመለስ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘች እናት ከሸንገን ክልል ስትወጣ ቪዛዋ አለቀ ማለት ነው። የትኬት መሸጫው ገጽ ይህን አይጠይቃችሁም፤ ገንዘቡን ተቀብሎ «መልካም ጉዞ» ይላል። ወኪል ግን ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ከዋጋ በፊት ፓስፖርትና ቪዛ አምጡ ይላል። ይህንን ያልጠየቀ ወኪል ከገጹ በምንም አይሻልም።

ሰዓቱንም አስቡት። ትኬቱ ላይ ጁላይ 10፣ 01:30 ተብሎ ይጻፋል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 3 ነው ብላ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል የመሰላት እናት አውሮፕላኑ ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ትደርሳለች። በረራው የሐምሌ 2 ማታ ካለፈ በኋላ፣ ከሌሊቱ 7:30 ነው፤ ከሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ካለባት ቦሌ የምትገኘው ሐምሌ 2 ከምሽቱ 4:30 ላይ ነው። ልጁ አሜሪካ ሆኖ ይህን ያህል ልዩነት ሊረሳው ይችላል። የስም ነገርም አለ። «ፀሐይ»ን በላቲን ፊደል አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፋታል፤ ልጅ በለመደው አጻጻፍ የመዘገበው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ በር ላይ ያስቆማል። ፓስፖርቱን በእጁ ይዞ ፊደል በፊደል የሚገለብጥ፣ ሰዓቱንም በአማርኛ ጽፎ የሚሰጥ ሰው ለዚህ ይጠቅማል።

ይህን ሁሉ ስል ለወኪሎች ጥብቅና መቆሜ አይደለም። በር ላይ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ደላላ አሰማርቶ፣ እኛው የምንጫነውን ቁልፍ ተጭኖ ትርፍ የሚጨምር ሞልቷል። እሑድ ዕለት ስልኩ አይነሣም፤ አየር መንገዱ ደግሞ «የገዛችሁበትን ቢሮ ጠይቁ» ይላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን የምለው ከተላለፈ በኋላ «መልሱልን» የሚሉ ሰዎችን ስለማስተናግድ ነው።

አንደኛ፣ የትኬት ቁጥር። ስድስት ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት የማስያዣ ቁጥር ትኬት አይደለም፤ ካልተከፈለበት የሚሰረዝ የቦታ መያዣ ነው። ትኬት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ071 ይጀምራል። ቁጥሩን ተቀብላችሁ በአየር መንገዱ ገጽ ላይ ራሳችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ቀን ቢለወጥ ወይም ጉዞው ቢቀር ስንት እንደሚቆረጥና ስንት እንደሚመለስ በጽሑፍ። ሦስተኛ፣ በድርጅቱ ስም የታተመ ደረሰኝና በጉዞው ሌሊት የሚነሣ ስልክ። ክፍያውም በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ስም አይሁን። እነዚህን ለመስጠት የሚያቅማማ ሰው ኃላፊነቱን አልሸጠላችሁም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። የመርከብ ኩባንያዎች ራሳቸው የአውሮፕላን ትኬት ያቀርባሉ፤ በእነሱ በኩል የተገዛው በረራ ቢዘገይ መንገደኛውን እስከ ቀጣዩ ወደብ እናደርሳለን የሚሉ አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን የቀጣዩ ወደብ ቪዛ ለሌላት እናት ያ ቃል ግማሽ ቃል ነው። አንብባችሁ ግቡ።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ቀጥታ በረራ ሆኖ፣ መድረሻው ላይ ልጅ ቆሞ የሚቀበል ከሆነ፣ ራሳችሁ ቁረጡ፤ ለማንም ትርፍ አትክፈሉ። ጉዞው ከመርከብ ወይም ከሌላ የማይጠብቅ ቀን ጋር መጋጠም ካለበትና መንገደኛው ለብቻው ከሆነ፣ ስሙን አኑሮ በሚፈርም ወኪል በኩል፣ ሁሉም በረራ በአንድ ትኬት፣ መርከቡ ከሚነሣበት ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ የሚደርስ ይሁን። የአንድ ሌሊት የሆቴል ዋጋ ብዙ ሊመስል ይችላል። ከመርከቡ ኋላ ወደብ ላይ ከመቅረት ግን ይረክሳል።

ልጆች በርካሽ መግዛታቸውን እንደ ብልኅነት ሲያወሩ እሰማለሁ። ብልኅነት ነው፤ የሚጓዙት እነሱ ሲሆኑ። በእናት ትኬት ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ ግን፣ ነገር ሲበላሽ፣ ከእናት ጉልበት ላይ የሚከፈል ብድር ነው። ከተበዳሪዋ ፈቃድ ሳይጠየቅ ብድር አይጻፍም፤ እኛ መሥሪያ ቤት ሕጉ እንዲህ ነው።

ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛ መንገድ፣
መሀል ላይ ሲቋረጥ ማን ይሆናል ዘመድ?