ቲቸር፣ ካርዲናል ወፍ ነው ወይስ ጳጳስ?

ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ትንሽ ኑዛዜም አለበት።

ሚያዝያ 2017 መጨረሻ፣ ቫቲካን አዲስ ፓፓ የሚመረጥበት ሰሞን ነበር። ባዮሎጂ እያስተማርኩ አንድ ልጅ እጁን አወጣና የርዕሱን ጥያቄ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ግን የምሩን ነው። ማታ ስልኩ ላይ "ካርዲናል" ብሎ ሲፈልግ ግማሹ ቀይ ወፍ፣ ግማሹ ቀይ የለበሱ ሽማግሌዎች መጡበት። እኔ ምን አልኩ? "ይሄ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም፤ ወደ ትምህርታችን።" እውነቱን ለመናገር መልሱን በደንብ አላውቀውም ነበር። አስተማሪ ሳያውቅ ሲቀር ኮስተር ይላል፣ ታውቁታላችሁ።

ከክፍል ስወጣ ኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ድምጿ የማይሰማ ተማሪ ተከትላኝ መጣች። "ቲቸር፣ እኛን ይመለከተናል። የእኛም ካርዲናል እኮ ለመምረጥ ሄደዋል" አለችኝ። ካቶሊክ መሆኗን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ያን ሁሉ ሰው ፊት "እኛ" ስል እሷን ከክፍሉ አስወጥቻት ነበር ማለት ነው። አሁንም ይከነክነኛል።

ልጅቷ ልክ ነበረች። ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ሱራፌል ከመራጮቹ 133 ካርዲናሎች አንዱ ነበሩ። ካርዲናል ያደረጓቸው ፓፓ ፍራንቸስኮስ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2015። ከእሳቸው በፊት ደግሞ አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ በ1985 ተሹመው ነበር። እንግዲህ "የፈረንጅ ጉዳይ" ያልኩት ይሄንን ነው።

ልጆቹ በኋላ የጠየቁኝ ብዙ ነው። ካርዲናል ማለት እንደኛ ፓትርያርክ ነው? አይደለም፤ ፓትርያርክ የራሷን ቤተ ክርስቲያን ይመራል፣ ካርዲናል ግን የፓፓው አማካሪና መራጭ ነው። ክህነቱ ዲቁና፣ ቅስናና ጵጵስና ነው፤ ካርዲናልነት በዚያ ላይ የሚሰጥ ሹመት ነው እንጂ አራተኛ ማዕረገ ክህነት አይደለም። 80 ዓመት የሞላው አይመርጥም። ለማሸነፍ ከመራጮቹ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ፓፓ ሊሆን ይችላል? የሚከለክል ሕግ የለም። ቃሉስ? ከላቲን ነው፣ የበር ማጠፊያ ከሚለው። በሩ የሚዞረው በእሱ ላይ ነዋ!

ወደ ወፏ ልምጣ፣ ይሄ የኔ ቤት ነው። መጀመሪያ ስሙን የያዙት ሰዎቹ ናቸው፤ ወፉ የተሰየመው በልብሳቸው ቀለም ነው። የሰሜን አሜሪካ ወፍ ነው፣ እኛ ጋ የለም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ዘመዶቻችን ግን በመስኮት ታዩታላችሁ፤ የግዛታችሁ ወፍ እሱ ነው፣ የኦሃዮም እንደዚሁ። ክረምት ሲመጣ አይሰደድም፣ በረዶው ላይ ቀልቶ ይታያል። ቀዩ ወንዱ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ሆና ክንፏና ጭራዋ ላይ ቀላ ትላለች፣ እሷም ትዘምራለች። ቀለሙን ወፉ ራሱ ከባዶ አይሠራውም፣ ከሚበላው ፍራፍሬና ዘር ከሚያገኘው ካሮቲኖይድ ነው። የካርዲናሎቹ ቀይ ደግሞ ለእምነታቸው ደም እስከማፍሰስ እንዲጸኑ ማሳሰቢያ ነው።

ግን የገረመኝ ሌላ ነው። እኛም አገር በቤተ ክህነት የተሰየመ ቀይ ወፍ አለ! ፈረንጆቹ "ቢሾፕ" ይሉታል፣ ጳጳስ ማለት ነው። ረጅም ሳር ውስጥ ይኖራል፤ ወንዱ በመራቢያው ወቅት ቀይና ጥቁር ይለብሳል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ተራ ድንቢጥ መስሎ ይቀመጣል። ፎቶውን ክፍል ውስጥ ሳሳይ ሁለት ሦስት ልጆች "እናውቀዋለን" አሉ። ስሙን የነገረኝ ግን የለም። የአሜሪካውን ወፍ ስም ከስልክ አግኝተው የራሳቸው ማሳ ላይ ያለውን አለማወቃቸው ጥፋቱ የነሱ አይመስለኝም። እኔም አላስተማርኳቸው። መጽሐፉ ውስጥ የለም ብሎ ጥያቄ መዝጋት ለኛ ለአስተማሪዎች በጣም ይቀለናል፣ ክፍለ ጊዜውም አጭር ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ምናምን። ያም ሆኖ "አላውቅም፣ ነገ አጣርቼ እመጣለሁ" ለማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ልጁንም ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ልጁ ሳቀ፤ እሷ አቀርቅራ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር፣ ምን እንደሆነ አላየሁም።

እስቲ ገጠር ያደጋችሁ፣ ያን ቀይና ጥቁር ወፍ በእናንተ አካባቢ ምን ትሉታላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሰኞ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።