«ትክክለኛ አድራሻ ያስገቡ» ሲባል የተሳሳተው ማን ነው?

ተጂ ላይ ጤፍ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ድረ ገጽ ቢያሠራና የገጹን ስም «የተጂ-ጤፍ» ብሎ በአማርኛ ቢሰይም ምንም ችግር የለውም። አድራሻው በስልክ ብሮውዘር ላይ ሲጻፍ ይከፈታል። ይህንኑ አድራሻ በአንድ የምዝገባ ፎርም ላይ ሲያስገባው ግን ቀይ ጽሑፍ ሊመጣበት ይችላል፦ «ትክክለኛ አድራሻ ያስገቡ»።

የተሳሳተው ነጋዴው አይደለም። የተሳሳተው የፎርሙ ኮድ ነው።

ብዙ ፕሮግራመሮች አድራሻ የሚያጣሩት ከሆነ ቦታ በተገለበጠ ፓተርን ነው፦ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥር፣ ነጥብ፣ መጨረሻ ላይ ከ2 እስከ 4 ፊደል። ይህ ፓተርን ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን «ዶት አፍሪካ»ን እንኳ ይጥላል፤ በእንግሊዝኛ 6 ፊደል ነውና። የግዕዝ ፊደልንማ ከደጅ ይመልሳል።

እርግጥ ነው፣ በጥብቁ ደንብ መሠረት በኔትወርክ ላይ የሚጓዘው አድራሻ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው። ብሮውዘሩ ግን ይህን ራሱ ይለውጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በ2 ፊደል ወይም ቁጥር ይጻፋል። ስለዚህ «ተጂ» የሚለው ባለ2 ፊደል ቃል 18 ምልክት ይሆናል። ለዶሜይን ስም ደግሞ ፒዩኒኮድ የሚባለው ዘዴ ከ2003 ጀምሮ አለ። መለወጡ የኮድ ሥራ ነው፤ የነጋዴው አይደለም።

«ዝግጁ የሆነውን መጠቀም ነው» ማለትም ብቻውን አይበቃም። የፒኤችፒ የዩአርኤል ማጣሪያ የግዕዝ ፊደል ያለበትን አድራሻ አይቀበልም። የፓይተን ዩአርኤልፓርስ በተቃራኒው ያገኘውን ሁሉ ማለት ይቻላል ያሳልፋል፤ ሥራው መከፋፈል እንጂ ማጣራት አይደለምና። የጃቫስክሪፕት ዩአርኤል ክላስ ግን እንደ ብሮውዘሩ ለውጦ ያነባል። እሱም ቢሆን «ጃቫስክሪፕት፦» ብሎ የሚጀምረውን አደገኛ ሊንክ ትክክል ነው ብሎ ስለሚቀበል፣ ኤችቲቲፒና ኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲያልፉ መወሰን ያስፈልጋል።

«ማጥበቁ አጭበርባሪን ለመከላከል ነው» የሚሉም አሉ። አያስኬድም። የአድራሻ ቅርጽ ማጣራት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ አጻጻፉ ደንቡን ይከተላል? ገጹ መኖር አለመኖሩን፣ ባለቤቱ ታማኝ መሆን አለመሆኑን አይነግርም። የባንክ ገጽ አስመስሎ የሚሠራ ሌባ በንጹህ የላቲን ፊደል ስለሚጽፍ ያለ ችግር ያልፋል። ደጅ ላይ የሚቀረው በቋንቋው የጻፈው ሰው ነው።

ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በሩን የሚዘጋው የቴክኖሎጂ እጥረት ሳይሆን ያልተፈተነ አንድ መስመር ኮድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፎርም የሚሠራ ፕሮግራመር ሥራውን ከማስረከቡ በፊት አንድ የአማርኛ አድራሻ አስገብቶ ይሞክር። ፎርሙ ከመለሰው፣ መታረም ያለበት ተጠቃሚው አይደለም።