ሲመሽ ለምን በር እንዘጋለን?

ኖቬምበር ገብቶ ሰዓት ወደኋላ ሲመለስ ሮዝዌል በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ሐበሻው በር ዘግቶ ስልኩ ላይ ያፈጣል። እኔም ኮድ ስጽፍ ውዬ እንዲያው ነበርኩ፤ አንድ ጎረቤቴ በባትሪ ብርሃን ጫካ ውስጥ ብስክሌት እስኪያስነዳኝ ድረስ። የሚታይህ ከፊትህ ያለው ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ የሥራ ሐሳብ ቦታ አያገኝም። የመጀመሪያ ቀን ወድቄ ክርኔ ተላጠ።

ወዳጆቼ «በዚህ ዕድሜህ?» ይሉኛል። ብስክሌት የልጅ መጫወቻ የሆነብን መቼ ነው? ገረመው ደንቦባ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል፤ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተሰልፏል። ሳይክሎክሮስማ ለእኛ የተፈጠረ ነው የሚመስለው፤ ጭቃው ሲበረታ ብስክሌቱን ትከሻ ላይ አድርጎ መሮጥ ነው! በሃሎዊን ሰሞን እንደ ጭራቅ ለብሰው የሚወዳደሩም አሉ።

ቅዳሜ በቀን ቢግ ክሪክ ፓርክ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ሄልሜት እንዳትረሱ።