በፎቶግራፉ ጀርባ



ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ የግቤን ወንዝ ተሻግሮ ዳገቱን ከወጣ በኋላ ሰኮሩን ያገኛል። በዚያች ከተማ ወደ አንድ የክርስቲያን ቤት ለአርባ ቀን ተዝካር ተጠርተን ሔደን ነበር። ሟቿ ዕድሜ ጠግበው ያረፉ እናት ናቸው። ልጆቻቸው የእናታቸውን መልክ በቤት ሊያኖሩ ፈልገው፣ የመታወቂያ ወረቀቱ ፎቶግራፍ የገረጣና የደበዘዘ ስለ ኾነባቸው፣ ከሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አወጡ። በእርሱም ላይ ሁለት ወጣት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አበባ በተሣለበት መጋረጃ ፊት ጎን ለጎን ቆመዋል። እኅትማማቾች ናቸው፤ መልካቸውም እንደ መንታ ይመሳሰላል። በጀርባው «ለማስታወሻ» ከሚል አንድ ቃል በቀር የተጻፈ የለበትም።

ልጆቹ ተመካክረው፣ እናታችን በቀኝ ያለችው ናት አሉ። ፎቶግራፉን ጅማ ወስደው ለባለሙያ ሰጡት፤ እርሱም ሌላይቱን አውጥቶ፣ የቀኟን ብቻ አጉልቶና ቀለም ጨምሮ ሠራላቸው። በተዝካሩ ዕለት በመስተዋት ኾኖ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየነው። ከቅዱሳት ሥዕላት ጎን አለመሰቀሉ ደስ አሰኘን፤ በዚህ ነገር የሚሳሳቱ ቤቶች ብዙዎች ናቸውና።

ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ሕዝቡ ማዕድ ላይ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት ሙስሊም ጎረቤት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ከሟቿ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ናቸው። ፎቶግራፉን ቀርበው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ ይህች እናታችሁ አይደለችም። በወሊድ የሞተችው እኅቷ ናት» አሉ። በቤቱ የነበረው ሁሉ ዝም አለ።

እኛም ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ይህ ነገር ከልባችን አልወጣ ስላለ፣ ፎቶግራፍ የሚባለው ሙያ ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ ስናነብ ሰነበትን።

በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ምኒልክን ፎቶግራፍ ባነሣቸው ጊዜ፣ አንዳንድ ካህናት ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፣ ምኒልክም ሥራው የሚሠራበትን ነገር ሁሉ የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ሲሉ ተቈጥተው እንደ መለሱላቸው ተጽፎ ይገኛል። መልሳቸው ትክክል ነበር። ፎቶግራፍ ማለት ከብር የተዘጋጀ ቅመም ብርሃን ሲነካው የሚጠቁርበት ጥበብ ነው፤ ብሩንም ብርሃኑንም የፈጠረ አንድ ነው። የካህናቱ ፍርሃት ግን ፈጽሞ ከንቱ እንዳልነበረ በኋላ የኾነው ነገር ያስረዳል።

ይህን ሙያ በቤተ መንግሥት የተከለው ሰው ስደተኛ ነበር። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ፣ በኦቶማን ግዛት በነበረችው በድያርበኪር ተወልዶ፣ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1905 ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ የአፄ ምኒልክም ፎቶግራፍ አንሺ ኾነ። ከእርሱ በኋላ ልጁ ሃይጋዝ፣ ከሃይጋዝም በኋላ ታናሹ ቶኒ ሙያውን ወረሱ፤ እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ የአንድ ቤት ሰዎች የነገሥታቱን መልክ ሲያነሡ ኖሩ።

አርመን ለእኛ ባዕድ አይደለም። በስንክሳራችን በታኅሣሥ 15 ቀን የምናስበው ጎርጎርዮስ የአርመን ሐዋርያ ነው። ስለ ሰንበት ክብር የተከራከሩት አባታችን ኤዎስጣቴዎስም ከአገራቸው ወጥተው፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ በመጨረሻ ያረፉት በአርመን ምድር ነው። የእኛ ስደተኛ በእነርሱ ዘንድ ማረፊያ ካገኘ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ፣ የእነርሱ ስደተኞች በእኛ ዘንድ ማረፊያ አገኙ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ያዩዋቸውን አርባ የሙት ልጆች አምጥተው የሙዚቃ ጓድ እንዳደረጓቸው ብዙዎቻችን እናውቃለን። አርመናውያኑ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቤተ ክርስቲያናቸውን ሠርተዋል፤ በጥር 1957 ዓ.ም. የእኅትማማቾቹ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በዚያችው ከተማ ሲሰበሰቡም የአርመኑ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝጌን አብረው ነበሩ። ስደተኛ ቤቱንና መሬቱን ይዞ አይወጣም፤ የሚወጣው ሃይማኖቱንና የእጁን ሙያ ይዞ ነው።

አሁን ካህናቱ ወደ ፈሩት ነገር እንመለስ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ለሚለው ክስ ማስረጃ ተብለው በሕዝቡ እጅ ሲዞሩ ከነበሩት ፎቶግራፎች ውስጥ፣ ከልዩ ልዩ ሥዕል ተቀጣጥለው የተሠሩ ሐሰተኞች እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሥራው አስቸጋሪ አይደለም። የአንዱን ራስ ከአንዱ አካል ጋር በመቀስ ቈርጦ ማጣበቅ፣ የተጣበቀውንም እንደ ገና ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። በዚያ ጊዜ የፎቶግራፍን ነገር የሚያውቅ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ወረቀቱ ያሳየውን ሰው ሁሉ አመነው። የልጅ ኢያሱ ነገር ብዙ የሚያከራክር ነው፤ እኛም በዚህ ዓምድ ልንፈርድ አንችልም። ነገር ግን ስለ ሐሰት ምስክር የተሰጠው ትእዛዝ በአንደበት ለሚናገር ብቻ ሳይኾን በመቀስ ለሚናገርም የተሰጠ ነው።

የሰኮሩ ልጆች እንዲህ ያለ ክፋት በልባቸው አልነበረም። እናታቸውን ወደው ያደረጉት ነው። ይሁን እንጂ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነገር ሐሰት ነበር፤ የልጅ ልጆችም አድገው ያንን ፊት አያታችን ብለው ይስሙት ነበር። የነገሥታቱ ፎቶግራፍ በየመጽሐፉ ታትሞ ስማቸው ከሥሩ ተጽፏል። በየቤታችን ሣጥን ያሉት ግን ስም የላቸውም፤ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎችም በየወሩ እየተለዩን ነው። የሟች ፎቶግራፍ ያለው ሰው በዚህ ሳምንት ወደ አንድ ሽማግሌ ይዞት ይሒድ። በጀርባውም በቀለም ሳይኾን በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም ወደ ፊቱ ሠርጎ ያበላሸዋልና። ከሁሉ በፊት የክርስትናው ስም ይጻፍ፤ ካህኑ በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው እርሱን ነው።

በዚያ ቀን ከካህናቱ አንዱ ይህንኑ ጠየቁ። አሮጊቷ ጎረቤት የእኅቲቱን የቤት ስም ነገሯቸው። «የክርስትና ስሟስ?» ቢሏቸው፣ «አባቴ፣ እርሱን እኔ ከየት ዐውቄ? እናንተ ናችሁ የምታውቁት» አሉ። ካህኑ ወደ ልጆቹ ዘወር አሉ፤ ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። የቤተሰቡ የቀድሞ የንስሐ አባት ካረፉ ብዙ ዘመን ኾኗል።

ደግነቱ የጅማው ባለሙያ የቈረጠው በኮምፒዩተር ላይ ስለ ነበረ ዋናው ፎቶግራፍ አልተነካም። የመስተዋቱ ሥዕል ወረደ። ታላቂቱ ልጅ አሮጌውን ፎቶግራፍ አምጥታ በጉልበቷ ላይ ገለበጠችው፤ ከተማሪ ልጇም እርሳስ ተቀብላ፣ በግራ ያለችው እናቷ መኾኗን ገልጻ የቤት ስሟንና የክርስትና ስሟን ጻፈች። በቀኝ ስላለችው የቤት ስሟን ብቻ ጻፈችና፣ ከአጠገቡ አንድ ስም የሚበቃው ቦታ ባዶ ተወች።