ዝውውር ክህደት አይደለም
የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከቡድን ቡድን መዘዋወራቸው ታማኝነትን ገደለው የሚሉ ሰዎች የዋልተር ክሌይተንን ጉዞ ቢያዩ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከአዮና ዩኒቨርሲቲ ወደ ትውልድ ግዛቱ፣ ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር፣ አሰልጣኙ ሪክ ፒቲኖም ለሴንት ጆንስ ፈርመው ሄደዋል። አሰልጣኝ ሲሄድ እድገት፣ ተጫዋች ሲሄድ ክህደት የሚባልበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ የለም። ከ2021 በፊት እኮ የተዛወረ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር፤ አሰልጣኙ ግን ወዲያው ሥራውን ይጀምራል። ለፍሎሪዳ የተሰለፈው ክሌይተን በ2025 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ኦበርን ላይ 34 ነጥብ አስቆጠረ። በፍጻሜው ከሂውስተን ጋር እስከ እረፍት አንድም ነጥብ አላገኘም፤ ከእረፍት መልስ 11 አገባ። እኔን የማረከኝ ግን የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች መከላከል ነው። የሂውስተኑ ኢማኑኤል ሻርፕ ለሦስት ነጥብ ሲዘል ክሌይተን እጁን ዘርግቶ ተወረወረበት፤ ሻርፕ ኳሷን አየር ላይ ለቀቃት፣ መልሶ መንካትም አልቻለም፤ ሰዓቱ አለቀ። ፍሎሪዳ 65 ለ63 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፣ ክሌይተንም የውድድሩ ኮከብ ተባለ። የዝውውር ሕጉን መልሰን እናጥብቀው የሚሉ ባለሥልጣናት ለተጫዋቾች የተከፈተውን ይህንን በር አይዝጉት።